አማቴና በራሪው ሰውዬ

የሰው ልጅ የማይሰለቸው ነገር የለም። ማር እንኳ ሲበዛ ይመራል። እኔ ግን አንድ ቀን የሰው መብረር ይሰለቸኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ብርሃን፣ በጎረቤት ቴሌቪዥን አንድ ሰውዬ ካባውን እያርገበገበ ከፎቅ ወደ ፎቅ ሲበር ያየሁ ዕለት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ ወላይታ ሶዶ፣ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ ያው ሰውዬ ሲበር ሳይ የሚመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ «ይኼ ሰውዬ ዛሬም ይበራል?» ባጃጅ ሲያልፍ ያየሁ ያህል እንኳ አልደነቅም። ባጃጅ ቢያንስ ወዴት እንደሚታጠፍ አይታወቅም።

ሆሊውዶች ምን እንደነካቸው እንጃ። ገንዘብ አላቸው፣ ማሽን አላቸው፣ መልከ መልካም ሰው ሞልቷቸዋል። ታሪክ ግን ያለቀባቸው ይመስለኛል። አምና ቀይ ጥብቅ ልብስ የለበሰው ጀግና ዘንድሮ ሰማያዊ ለብሶ ይመጣል፤ አምና አንድ ከተማ ያፈረሰው ጭራቅ ዘንድሮ ሁለት ያፈርሳል፤ ከዚያ ተደባድበው፣ ጀግናው ወድቆ፣ ሞተ ሲባል ተነሥቶ ያሸንፋል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉት አባቶቻችን ይህን ሁሉ ሳያዩ መናገራቸው ይገርመኛል። ደግሞ ያ ሁሉ ፎቅ ፈርሶ ፍርስራሹን ማን እንደሚጠርገው አንድም ቀን አሳይተውን አያውቁም። እኔ እንጀራዬ የከተማ ጽዳት ሥራ ስለሆነ ይህችን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ታዲያ ለምን ታያለህ? ትሉኝ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት ሶዶ ላይ ዝናብ ሲይዝ፣ ዳሞታ ተራራ ራሱ ጉም ተከናንቦ ሲተኛ፣ እኔ ምን ልሥራ? የሥራ ባልደረባዬ ፊልሙን በፍላሽ ሞልቶ ይሰጠኛል፤ የሰጡትን መመለስ ደግሞ ነውር ነው። አያለሁ፤ እተኛለሁ፤ ስነቃ ጀግናው ሊያሸንፍ ሲል እደርሳለሁ። ያመለጠኝ ነገር ኖሮ አያውቅም።

እንዲህ እያልን ሳለ አማቴ ከሁምቦ መጡ።

አማቴ አቶ አንጁሎ በቆሎና ከብት ሲያዩ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ያረጁ አልኩ እንጂ የጠፋው ዓይናቸው ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም። ባለቤቴ ምሕረት ለምና፣ አልቅሳ፣ በመጨረሻም «ታምሜያለሁ» ብላ ዋሽታ ነው ከቆላው ያወጣቻቸው። ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ሐኪሙ አያቸውና «ቀላል ነው፤ ሞራውን እናነሣዋለን፣ በማግሥቱ ያያሉ» አለ። እሳቸው ግን «ዓይን ላይ ቢላዋ?» ብለው ከወንበሩ ተነሡ። «ያለችኝን ጭላንጭል ብትወስዷትስ? ሰኞ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» አሉ። የምሕረት ፊት ዐመድ መሰለ።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ሶፋ ላይ፣ እሳቸው አጠገቤ ወንበር ላይ ነን። ፊልሙ ይጮኻል። ማየት ለማይችል ሰው ጩኸቱን ብቻ ማሰማት ደግ አልመሰለኝምና ልተርክላቸው ጀመርኩ። «አሁን ሰውዬው በረረ... አሁን ጭራቁ ድልድዩን ነቀለ...» በጥሞና ሰሙኝ። ያ አልቆ ሁለተኛውን ስከፍት ግን ጥቂት እንደሄድን አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ይቺን ሰውዬ ቅድም አይተናት የለም?»

በአማቴ አማርኛ ጀግናው አንዳንዴ ወንድ፣ አንዳንዴ ሴት ነው። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስለሆነ በቤታችን ማንም ማንንም አያርምም።

«አይ አባባ፣ የቅድሙ ቀይ ነው የለበሰው። ይኼኛው ሰማያዊ ነው።»

«ልብሷን ነው የቀየሩት?»

«አዎ።»

«አሁን ትወድቃለች?»

«አዎ።»

«ትነሣለች?»

ምን ልበል? «አዎ» አልኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዴሳ ገበያ አንድ በሬ ሳይሸጥ ቢመለስ፣ በሳምንቱ ቀንዱን ቅቤ ቀብተው አዲስ ነው ብለው ቢያመጡት፣ ሰው አይስቅም?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሆሊውድን ስንት ሊቅ ተችቶታል፤ እንዲህ በአንድ በሬ የጣለው ግን አልሰማሁም።

ምሕረት ወደ ጓዳ ጎትታ ወሰደችኝ። «ሰልችቷቸዋል፤ ሰኞ መሄዳቸው ነው» አለች። «እንደምንም አቆያቸው። ፊልም አሳያቸው፣ ተጫወት፣ የፈለግከውን አድርግ። ከሄዱ አይመለሱም። እንደዚሁ እንደጨለመባቸው ሊሞቱ ነው።» የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። ሚስት በዚያ ድምፅ የለመነችውን እምቢ የሚል ባል ካለ አሳዩኝ፤ እኔ አይደለሁም።

ግን ምን ላሳያቸው? ፍላሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ያው በራሪ ነው። ሦስተኛውን ፊልም ከፈትኩና፣ ሰውዬው ገና ከሰማይ ሲወርድ፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ አፌ በራሱ ሌላ መንገድ ያዘ።

«ይኼኛው ልዩ ነው አባባ። እናት አለችው።»

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። «እናት አላት? የት ነው ያለች?»

«ቆላ ነው የምትኖረው። ሙቀት ነው፤ ዝናብ የለም። ልጇ ከሰማይ ወረደና ካባው ግራር ያዘውና ተቀደደ። እናቱ እየተቆጣች እየሰፋችለት ነው።»

«ስሟ ማነው? የልጁ።»

«ጎበዜ» አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነበር።

አማቴ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ። እኔም ቀጠልኩ። ጎበዜ ከእናቱ ጋር ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀሰ እየበላ ሳለ ጭራቁ ከተማ ገባ የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ሊበር ሲነሣ ግን እናቱ ስትጮኽ ይሰማል፤ ያላት አንድ በሬ ጠፍቷል።

«አሁን ምን ታደርጋለች?» አሉ አማቴ ጉልበቴን ይዘው።

«እሱ ነው ጭንቁ። ከተማውን ያድን ወይስ በሬውን ይፈልግ?»

«በሬውን ይፈልግ እንጂ!» ብለው ጮኹ። «ጭራቅ ራሱ ይመጣል። በሬ ግን ከጠፋ ጠፋ!»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያን ጊዜ አንድ ሰፈር ሙሉ በእሳት ይጋይ ነበር። እኔና አማቴ ግን ወንዝ ለወንዝ የበሬ ኮቴ እንከተላለን። ፊልሙ ሲያልቅ በሬው አልተገኘም። «ክፍሉ ብዙ ነው፤ ቀሪው ነገ ነው» አልኩ። እሑድ አልተገኘም። ሰኞ አማቴ ስለ መሄድ አላነሡም። ሌላ ቅዳሜ መጣ፤ በሬው አሁንም የለም። አንዴ ዱካው ከተራራው ሥር ታየ፤ አንዴ ጎረቤት ደበቀው ተብሎ ተጠረጠረ፤ አንዴ ደግሞ ጎበዜ ከላይ ሆኖ ቢያየው የሰው በሬ ሆነ። መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የማስበው ያንን በሬ ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ ከዛሬ ነገ ይፈታብኛል እያልኩ ሠጋሁ። አንድም ቀን ግን አላንቀላፋሁም። ይህን ልብ በሉልኝ። ፊልም ከፍቼ ሳላንቀላፋ የጨረስኩት ስንት ጊዜዬ ነበር!

አንድ ቀን ምሳ ላይ አማቴ የጎረሱትን ውጠው እንዲህ አሉ፦ «ምሕረት፣ ሐኪሙን እሺ በይው።»

ምሕረት የያዘችውን ጭልፋ ለቀቀችው። «እውነት አባባ?»

«እውነት። ጎበዜ በሬውን ስታገኝ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

እሷ በደስታ ልታለቅስ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ደግሞ እዚያው ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ፊልም ውስጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም በሬ የለም። የዶሮ ጥላ እንኳ የለም።

ቀዶ ጥገናው ተሠራ። በማግሥቱ ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሣ ምሕረት እጄን ጨምቃ ልትሰብረው ነበር። አማቴ ዓይናቸውን አርገበገቡ፤ መስኮቱን አዩ፤ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «እናትሽን መስለሻል» አሉ። በቂ ነበር። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከራሴ እስከ እግር ደገሙኝ። ባጃጅ ውስጥም ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። ቤት እንደገባን ግን ወንበራቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት አደረጉና «በል ክፈተው» አሉ።

ከፈትኩት። በራሪው በረረ፤ ጭራቁ ጮኸ፤ ፎቁ ፈረሰ። አማቴ አንገታቸውን አስግገው ይመለከታሉ። እናት የለች፣ ግራር የለ፣ ጎደሬ የለ። ምሕረት በሩን ተደግፋ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ሳቅ ይሁን ፍርሃት አልለየሁም። ጥቂት ቆዩና ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ አዙረው ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ሆኑ።

«በሬው የታለ?»

«አባባ... እኔ እኮ...»

«ቦምብ እንዲህ እየፈነዳ፣ አንተ ‹አሁን ጸጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው፣ ወፍ ብቻ ይሰማል› ስትለኝ ነበር። ሞራ የጋረደው ዓይኔን ነው ወይስ ጆሮዬን?»

ምሕረት በሳቅ ፈነዳች። እኔ የምገባበት አጣሁ። «ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«ከመጀመሪያው ቀን። ካባዋ ግራር ላይ ሲቀደድ።»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉ? ቀዶ ጥገናውን?»

አማቴ ጢማቸውን ዳበሱ። «ልጄን ስታገባ ዓይኔ ጠፍቶ ነበር። ድምፅህን ነው የማውቀው። አንድ ሽማግሌ እንዳይሄድ ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሬ የምትፈልግ ሰውዬ፣ ፊቷ ምን ይመስላል? እሱን ሳላይ ብሞት አይቆጨኝም?»

በዚያች ቅጽበት በአማቴ አማርኛ ሴት ሆኜ ነበር፤ ግድም አልሰጠኝ። «እና ፊቴን እንዴት አገኙት?» አልኳቸው፤ ሰው ነኝና መልካም ነገር ልሰማ ፈልጌ።

እንደገና አዩኝ። «ከድምፅህ ታንሳለህ» አሉ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑን ዘግቼ በሬውን እንዳገኘው አዘዙኝ። አገኘሁት። ለካስ ጭራቁ ነበር የወሰደው፤ ጠምዶ መሬት ሲያርስበት ተያዘ። አማቴ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ የዳነችው ዓይናቸው እንዳትጎዳ ምሕረት ተቆጣችን።

እሳቸው ሁምቦ ከተመለሱ በኋላ ልንጠይቃቸው ወረድን። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ጠበቀን። ዝናዬ ቀድሞኝ ኖሯል። «አማትህ ‹ልጄ ፊልም ያወራል› ብለዋል፤ በል አውራ» አሉኝ። እኔም ጀግና ነኝና፣ እንደ ሆሊውድ አሮጌ በሬ ቅቤ ቀብቼ አላቀርብም ብዬ አዲስ ታሪክ ፈጥሬ ነበር የሄድኩት። አንዲት አስተማሪ፣ አንድ የተዘጋ በር፣ ብዙ ምሥጢር። ስንት ቀን ለፍቼበታለሁ! በጨዋ ደንብ ሰሙኝ። አንዱ ጫማውን ያያል፤ አንዷ ለሌላዋ ታንሾካሽካለች። ግማሹ ላይ ስደርስ አማቴ እጃቸውን አነሡ።

«ይኼን ተወው። የበሬዋን አውራ።»

«አባባ፣ እሱን እኮ ነግረዋቸዋል። መጨረሻውን ያውቁታል።»

«ስለሚያውቁት ነው» አሉ።

አወራሁ። ጎበዜ መጀመሪያ ወደ ተራራው ሄደ ስል አንድ ሰውዬ «አይደለም፣ መጀመሪያ ወንዝ ነው» ብሎ አረመኝ፤ ወንዝ ወሰድኩት። ጭራቁ ሲያርስ ሁሉም ሳቁ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ሳቁ። ማን ያውቃል፣ እዚያ ሆሊውድም አንድ እንደ እኔ ያለ ምስኪን፣ አዲስ ታሪኩን በብብቱ ሸጉጦ፣ «የበሬዋን አውራ» ተብሎ ይሆናል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ዙሪያዬን አየሁ። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ወጣቱ፣ ሁሉም ዓይናቸውን አፌ ላይ ተክለዋል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ያዛጋችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም የእኔው ሚስት ናት።