የእትዬ ዘነበች አማችና የአህያ ፋንድያ

አማርኛችን እንስሳ ከኋላው ለሚጥለው ነገር ሁሉ ለየብቻ ስም አውጥቷል። የላም እበት ነው፤ የበግ በጠጥ፤ የዶሮ ኩስ፤ የአህያ ደግሞ ፋንድያ። ስም ላይ እንዲህ ለጋስ ሆነን ክብር ላይ ግን እናዳላለን። እበት ግድግዳ ይመረግበታል፣ ኩበት ሆኖ ወጥ ያበስላል፤ ፋንድያን ግን ስንረግጠው "ኤጭ!" ብለን ጫማችንን ጠርገን እናልፋለን። እኔም እንደ እናንተው ሳልፍ ኖሬያለሁ፤ አንድ ኬንያዊ ጉለሌ እስኪመጣ ድረስ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው የሚኖሩት። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት አልጋ የማታስዘረጋ የጎመን መደብ አለቻቸው። አንዲት ልጃቸው ሰላም ናይሮቢ ሥራ ይዛ ሄዳ፣ እዚያው ካማው የሚባል የግብርና መምህር አገባች። እናቷ ሳያዩት! ይህ እትዬ ዘነበች በቀላሉ የሚውጡት ነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት ባልና ሚስቱ ለሁለት ሳምንት ሲመጡ፣ አማቹን የተቀበሉት በአፋቸው እንጂ በልባቸው አልነበረም። ሰላም ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ደግሞ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን እንዲህ ያለ ዕዳ አለው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካማው ማዳበሪያ ይዞ ማዳበሪያ ሊለቅም ወጣ። ባዶ ጆንያውንም ማዳበሪያ ስለምንለው ነው እንጂ አልተሳሳትኩም። ጭነት የተሸከሙ አህዮች በዚያ መንገድ ሲወርዱ፣ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ፋንድያቸውን ይለቅማል። የታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመው አዩት። ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

"ንገረው!" አሉኝ። "በሰፈር ፊት አዋረድከኝ በልልኝ! የኔ አማች ፋንድያ ለቃሚ ይሁን?"

ካማው ላብ በላብ ሆኖ ፈገግ ብሎ ያየኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እኔ፣ ጠብ የማልወደው ሰውዬ፣ "ስለ ልፋትህ ያመሰግኑሃል" አልኩት።

በማግስቱ ሦስት ማዳበሪያ ሞልቶ መጣ።

እትዬ ዘነበች ካማውን ትተው እኔ ላይ አፈጠጡ። "ምን ብለህ ነው የነገርከው?" ከመናዘዝ ሌላ ምን መንገድ ነበረኝ? ተናዘዝኩ፤ ለሁለቱም፣ በሁለት ቋንቋ። ካማው ማዳበሪያውን ለቀቀና አንገቱን ደፋ።

"ይቅርታ ጠይቅልኝ" አለኝ። "እኛ ዘንድ ፋንድያ አያሳፍርም። እናቴ ብቻዋን ናት ያሳደገችን። አህያዋ ውሃ ታመላልሳለች፤ ፋንድያው ማሳ ላይ ይገባል። እኔ የተማርኩት ከዚያ ማሳ በወጣ ጎመን ነው። ለእሳቸውም የማውቀውን ልስጥ ብዬ ነው።"

ይህችን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

እትዬ ዘነበች ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ሰላምን ያሳደግኳት ከእንጦጦ እንጨት በጀርባዬ እያወረድኩ ነው" አሉ። "አህያ ያላቸው ሲያልፉኝ እንዴት እቀና ነበር! እስቲ ጠይቅልኝ፣ እናቱን ጀርባዋን አያማትም?"

"አያማትም" አለ ካማው።

"ተመስገን።" ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ። "ግን ፋንድያ አረም ያመጣል በልልኝ። ይሄን እኔ አውቃለሁ።"

"ትኩሱን ከጨመሩት አዎ" አለ። "እኛ አገር ተከምሮ ወራት ይቀመጣል።"

በቃ፣ ክርክሩ ተጀመረ። የዚህኛው አገር አፈር፣ የዚያኛው አገር አፈር፣ እበት ይሻላል፣ ፋንድያ ይሻላል ሲባባሉ ዋሉ፤ ምላሴ ደረቀ። ወደ ማታ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን አካፋ ይዘው ፋንድያውን ከምረው፣ ላስቲክ አልብሰውት ነበር።

ካማው ሄደ። ክምሩን እየገለበጡ የጠበቁት እትዬ ዘነበች ናቸው። ሲበሰብስ መደቧ ላይ በትነው ጎመን ተከሉ። ምን ልበላችሁ፣ አንዱ ቅጠል የሰው ፊት ይሸፍናል! እውነቱን ለመናገር በመሃል በመሃሉ ገብስም ብቅ ብሏል። እትዬ ዘነበች "አላልኩም?" እያሉ በኩራት ነቀሉት። ማንም አልተሸነፈም።

አሁን በየእሑዱ በስልክ ይተያያሉ። እሳቸው ስልኩን ወደ ጎመኑ አዙረው በአማርኛ ይተርካሉ፤ እሱ በራሱ ቋንቋ ይመልሳል፤ ደግሞ አብረው ይስቃሉ። ባለፈው ሳምንት ልርዳቸው ብዬ ጠጋ ብል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ተወን አንተ፣ ልጄና እኔ እንግባባለን" አሉኝ።