እውነት፣ ሁለተኛ ቀረጻ

የሰው ልጅ እውነትን ፍለጋ ብዙ ደክሟል። ፈላስፎች ጺማቸውን አሳድገዋል፣ ኮሚቴዎች ተሰብስበው ተበትነዋል። ያገኛት ግን አንድ የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ ያገኛትም በገዛ ሳሎኑ፣ በሶፋውና በፍሪጁ መካከል ነበር።

«ተዋናይ ማለት ደመወዝተኛ ውሸታም ነው» ሲል ባወጣው ባለ ዘጠኝ ነጥብ የአቋም መግለጫ መሠረት ተዋንያኑን በሙሉ አሰናብቶ፣ ካሜራውን በሚስቱ ላይ ደገነ። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ስድስት ወር ሙሉ ፊቷን ስትታጠብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ የጠፋ ጫማዋን ስትፈልግ ተቀረጸች። አንድ ቀን ትኩሳት ይዟት «ሐኪም ቤት ውሰደኝ» ብትለው፣ «እንዳትንቀሳቀሺ! ብርሃኑ ግንባርሽ ላይ ትርጉም እየሰጠ ነው» ብሎ አርባ ደቂቃ አቆያት። እንዲህ ያለ ትጋት በየቤቱ አይገኝም።

በሰባተኛው ወር ሻንጣዋን ይዛ ሌንሱ ፊት ቆመች።

«ሄጃለሁ።»

«ግሩም! ቀጥይ።»

«ከእንግዲህ አልመለስም።»

«ወይ እውነት!» አለ ዳይሬክተሩ፣ ደስታው ልክ አጥቶ።

በማግስቱ ቀረጻውን ሲያየው ግን የበሩ ሲጢጥታ ድምጿን ውጦታል። ደወለላት።

«እባክሽ ለአንድ ሰዓት ተመለሺና እንደገና ሂጂልኝ።»

«እሺ» አለች። «ግን በደንብ እንድሄድ ወንድሜን ከነመኪናው ይዤ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሶፋው ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ቀረጸ። ፍሪጁ ወጣ፤ ቀረጸ።

«ጋሼ፣ አልጋውንም እንጫነው እንዴ?» አለ ወንድሟ ጨንቆት።

«ጫን ወንድሜ፣ ጫን! ባዶ ክፍል የሲኒማ ሁሉ ትርጉም ነው። ብቻ ቀስ ብለህ፣ ፊትህን ወደዚህ አዙረህ።»

ቤቱ ድምፅ እስኪያስተጋባ ድረስ ተራገፈ። ያን ጊዜ ሚስቱ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው።»

«ምኑን?»

«ካሜራውን። በእኔ ደመወዝ ነው የተገዛው።»

ዳይሬክተሩ እጁ ባዶ ሲቀር ዙሪያውን ቃኘ። ሚስቱንም ከስንት ወር በኋላ በገዛ ዓይኑ አያት። ከስታለች። ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«አትሂጂብኝ!»

በሩ ላይ ደርሳ ዘወር አለችና፣ ሙያው እንደገባው ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ለአፍታ አጤነችው።

«ለቅሶው እውነት አይመስልም» አለችው፣ ካሜራዋን ታቅፋ እየወጣች።