የጋሽ በራሳ ቡዳፔስት

ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰን ሰው ስለ ጉዞው አትጠይቁት፤ ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል። በተለይ በዚያ በደርግ ዘመን፣ የመውጫ ቪዛ ማግኘት ገነትን ከማስከፈት በማይተናነስበት ጊዜ፣ ሦስት ወር ሠልጥኖ የመጣ ሁሉ ሦስት ዓመት ያወራ ነበር። እኔም አንዱ ነኝ። የቆዳ ጃኬቴን በአዋሳ ሙቀት ለብሼ፣ ላቤ እየተንቆረቆረ፣ "እኛ ቡዳፔስት ሳለን" እል ነበር። በዚህ አላፍርም። የማፍረው በሌላ ነው፤ እሱን ላውጋችሁ።

አዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡ ጋሽ በራሳ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከይርጋለም አልፈው አያውቁም፤ ይርጋለምም የሚሄዱት ለሠርግና ለለቅሶ ነው። ሆኖም ሐይቁን ለማየት የሚመጣ ፈረንጅ ሁሉ፣ ኩባዊ ይሁን ቡልጋሪያዊ፣ ከጋሽ በራሳ መጥበሻ ፊት ሳይመረመር አይመለስም። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፤ ከቤትህ እስከ ገበያ በየት በየት ትሄዳለህ? ዓሣስ በምን ትበላላችሁ? አስተርጓሚ ከጠፋ ከሰል ያቀብሉና መንገዱን መሬት ላይ ያሥሉታል። አንድ ጊዜ የቀበሌ ሰው "ከውጭ ዜጋ ጋር ምን ያወራሉ?" ሊል መጥቶ፣ ስለ ሃቫና የዓሣ ገበያ ሲሰማ ቆይቶ፣ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በልቶ ሄደ።

ለሥልጠና ቡዳፔስት መመደቤን ስነግራቸው መጥበሻውን ከእሳት አወረዱት።

"መምህር፣ እዚያ ትልቅ ወንዝ አለ" አሉኝ። "ድልድዩን ስትሻገር ጣራው ከሩቅ የሚታይ ገበያ ታገኛለህ። እሱን ተወው። እኔ የምፈልገው የዓሣ ሾርባቸውን ነው። ቀይ ነው፣ ግን አያቃጥልም ይላሉ። ሰው ቤት ገብተህ ብላና ጣዕሙን ንገረኝ። አደራ።"

አደራ ካሉ ደግሞ አለቀ። እናቴ በበኩሏ በከተማዋ ስም ውስጥ ያለው "ቡዳ" ስላላማራት ጤና አዳም ሻንጣዬ ውስጥ ሸጉጣ ሸኘችኝ።

ደረስን። አውቶቡሳችን ድልድዩን ሲሻገር፣ ጣራው ከሩቅ የሚታየው ገበያ ጋሽ በራሳ ባስቀመጡት ቦታ ቁጭ ብሏል። ፊቴን መስኮቱ ላይ ለጥፌ አየሁት። መውረድ ግን የለም። "ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" ነውና፣ በጓድ መሪያችን ተለጉመን ከመኝታ ክፍል ወደ መማሪያ፣ ከመማሪያ ወደ መኝታ ስንመላለስ ሦስት ወሩ አለቀ።

ልንመለስ ሳምንት ሲቀረን ካስተማሩን አንዷ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ መሪያችንን አስፈቅደው ቤታቸው ወሰዱኝ። በሩ ሲከፈት ሽታው ተቀበለኝ፤ ቀስ ብሎ የበሰለ ሽንኩርት፣ ዓሣ፣ የማያስነጥስ በርበሬ። ቀዩን ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን አቀረቡልኝ። ምራቄ አፌን ሞላው።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ በቀር፣ ሰው ሲጋበዝ ምን ይላል? "ይቅርብኝ፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው" አልኩ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ እሳቸው "በሞቴ" ይላሉ፣ እኔ "ኧረ ጠግቤያለሁ" እላለሁ፣ እሳቸው "አፈር ስሆን" ይላሉ፣ ያኔ እየተግደረደርኩ ማንኪያውን አነሳለሁ።

ሴትዮዋ "እሺ" ብለው ሳህኑን አነሱት።

ሻይ ጠጣን። የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ አየን። ምናልባት ትዝ ቢላቸው ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ደጋግሜ አየሁ፤ ትዝ አላላቸውም።

አዋሳ ከገባሁ በኋላ ሳምንት ሙሉ አሞራ ገደልን ሸሸሁት። በመጨረሻ ሄጄ እንዳለ ተናዘዝኩ። ጋሽ በራሳ አልሳቁብኝም።

"እነሱ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁት" አሉ። "ከዚያ የመጣ አንዱ ነግሮኝ ነበር። ላንተ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መጥበሻው ላይ ያለውን ዓሣ ገለበጡ።

"ሽታውስ?" አሉ ቆይተው።

"ሽታውማ እስካሁን አልለቀቀኝም።"

ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ከጎጇቸው አንዲት ትንሽ ድስት ይዘው መጡ። "አራት ዓመት ሞክሬዋለሁ" አሉ። "ዛላውን ፍሬውን አራግፌ፣ እንዳያቃጥል ጅማቱን አውጥቼ፣ ባምባዛ ዓሣ። ልክ ነው የሚለኝ ሰው ግን አጣሁ። መምጣትህን ከሰማሁ ጀምሮ በየቀኑ እየሠራሁ ስጠብቅህ ነበር።" ክዳኑን ከፈቱት።

ያ የቡዳፔስት በር እንደገና ተከፈተልኝ። ሽንኩርቱ፣ ዓሣው፣ የማያስነጥሰው በርበሬ፣ አንድም የጎደለ አልነበረም። እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ ሄጄ ከደጃፉ የተመለስኩበትን ማዕድ፣ እኚህ ሰው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ደርሰውበታል። በሾርባ አለቅሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አለቀስኩ።

"እሱ ነው፣ ጋሽ በራሳ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እናቴ ትሙት።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ማንኪያ አቀበሉኝና ከአንድ ድስት በላን። ስንጨርስ ድስቱን አለቅልቀው ደፉት፤ እጃቸውንም በጨርቅ አደረቁ።

"በል፣ ይቺን ከተማ ጨርሰናታል" አሉ። "ከትምህርት ቤታችሁ ቀጥሎ የሚሄደው ሰው የሚሄደው ወዴት ነው?"