አውርደው ይጫኑት

(ዳንግላ፣ የጋሪ ማቆሚያ። አያ እንግዳው ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጋሪ ላይ ለተጠመደው ፈረሳቸው ድርቆሽ ያቀርባሉ። ቤዛዊት ለአረጋውያን የሚሆን የስልክ መተግበሪያ ሠርታለች። ነገ ለአለቆቿ ከማሳየቷ በፊት አንድ አዛውንት ሞክሮ አስተያየት እንዲሰጣት ብላ እሳቸው ዘንድ መጥታለች። ጭቅጭቁ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ቤዛዊት፦ አያ እንግዳው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልንገርዎ። መጀመሪያ ያወርዱታል፣ ከዚያ ይጭኑታል።

አያ እንግዳው፦ እኔም ለሦስተኛ ጊዜ ልንገርሽ። የወረደ ዕቃ ባለቤቱ ይወስደዋል እንጂ መልሶ አይጫንም።

ቤዛዊት፦ ዕቃ አይደለም፤ መተግበሪያ ነው።

አያ እንግዳው፦ ስንት ይመዝናል?

ቤዛዊት፦ አርባ ሜጋ።

አያ እንግዳው፦ አርባ ከሆነማ ተሸክመሽው ሂጂ፤ ፈረሱን ለምን አደክመዋለሁ።

(ቤዛዊት በረጅሙ ተነፈሰች። «ዕድሜ ነው» ብላ በልቧ አዘነችላቸውና የራሷን ስልክ አውጥታ ሰጠቻቸው።)

ቤዛዊት፦ (ጮክ ብላ) እሺ፣ እኔ ጭኜዋለሁ። እርስዎ ቀዩን ምልክት ይጫኑት።

አያ እንግዳው፦ አንቺ ከጫንሽው ለእኔ ምን ቀረኝ? ደግሞ አትጩሂ። እኔ ደህና እሰማለሁ፤ ፈረሱ ነው የሚደነግጥ።

ቤዛዊት፦ በጣትዎ ይንኩት ማለቴ ነው። ድንገት ቢወድቁ ይህን ሲነኩ ለልጅዎ ይደውላል።

አያ እንግዳው፦ (በሻከረ አውራ ጣታቸው ደጋግመው እየነኩ) እምቢ አለኝ።

ቤዛዊት፦ ኔትወርኩ ይሆናል። ይስጡኝ፣ ከፍ ብዬ ልሞክረው።

(ጋሪው ላይ ወጥታ ስልኩን ወደ ላይ ይዛ ቆመች። ስልኩ ሳይታሰብ አንቃጨለ። ፈረሱ ደንግጦ ጋሪውን ሳበው። ቤዛዊት ከጋሪው ወድቃ ድርቆሹ ላይ ዘጭ አለች፤ ስልኩም በርሮ ፈረሱ እግር ሥር ገባ።)

ቤዛዊት፦ አያ እንግዳው፣ ኧረ ይድረሱልኝ። ወገቤን…

አያ እንግዳው፦ (ፈረሱን እያረጋጉ) ቀዩን ንኪዋ።

ቤዛዊት፦ በምን ልንካው? ስልኩ እዚያ ነው።

አያ እንግዳው፦ የወደቀ ሰው ስልክ ሁልጊዜ እዚያ ነው።

(ቤዛዊት ወገቧን ትታ ስለ ሥራዋ ማሰብ ጀመረች።)

ቤዛዊት፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

አያ እንግዳው፦ እኔ መጎዳትሽን በምን አወቅሁ? ስትጣሪ ሰምቼ ነው። ስልክሽም ጆሮ ይኑረው።

ቤዛዊት፦ (ድርቆሹን ከፀጉሯ እየለቀመች) ነገ ከእኔ ጋር መጥተው ይህንኑ ለአለቆቼ ቢነግሩልኝስ?

አያ እንግዳው፦ እመጣለሁ። ግን እንዲገባቸው እነሱንም መጣል አለብን?