ሙከራ ሦስት ቅር ብሎታል

ትናንት ከምሳ በኋላ ረድኤት ወንበሯ ላይ ሸለብ ቢያደርጋት በሕልሟ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ውሃ ሽቅብ ሲፈስ!

ረድኤት የአንድ ከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት ፕሮግራመር ናት። መልእክት የሚልከው ፕሮግራሟ ለማን እንደሚልክ የሚያውቀው ከአንዲት ትንሽ የቅንብር ፋይል ነው። እዚያ ላይ «ሙከራ» ተብሎ ከተጻፈ እሷው ለፈጠረቻቸው የውሸት ደንበኞች ይልካል፤ «እውነተኛ» ከተባለ ግን ለከተማው ሕዝብ በሙሉ። አለቃዋ አቶ ወንድይራድ «ይህቺን ቃል መቀየር ዳግመኛ ብትረሺ እንለያያለን» ብለዋታል። ጠዋት «ውሃ ይቋረጣል» የሚለውን ማስታወቂያ ለሕዝቡ ልካ፣ ከሰዓት ሙከራዋን ቀጠለች። ከዚያ እንቅልፍ።

በሕልሟ ሰዉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሽቅብ የሚፈሰውን ውሃ በባልዲ ይቀበላል። አንዲት አህያ ጄሪካን የተሸከመ ሰውዬ ትነዳለች።

«ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ ይደፋብሃል!» ትለዋለች።

ሂሳብ ተቀባዮቹ ደንበኛ እስኪያስተናግዳቸው ተሰልፈዋል። በየበሩ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ከዚያ አንብቦ ይገባል። አቶ ወንድይራድ በሩ ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጧት።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሆኑ?» አለቻቸው።

«ዘበኛ ይላል ወረቀቱ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተጻፈውን ነኝ። ይግቡ እመቤቴ።»

ውስጥ ሙከራ አንድ፣ ሙከራ ሁለትና ሙከራ ሦስት ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ተቀምጠዋል። የፈጠረቻቸው ደንበኞች! ደስ አላት። ሙከራ ሦስት ግን ፊቱን አዞረባት።

«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

«ሁልጊዜ ስትሞክሪ ‹ናፍቃችሁኛል፣ ምነው ጠፋችሁ?› ትይን ነበር። እናት አባት የለን፣ ያለሽን አንቺ። ዛሬ ግን ጨክነሽ ዝም አልሽን።»

«ኧረ በስማም! አሁን ከምሳ በኋላ ልኬያለሁ እኮ!»

«እኛ ጋ አልደረሰም» አለ ሙከራ ሦስት ረጋ ብሎ። «ታዲያ ለማን ላክሽው?»

ረድኤት ክው አለች። ብንን ስትል አቶ ወንድይራድ ሞባይላቸውን እያነበቡ ፊቷ ቆመዋል። የጠረጴዛው ስልክ ይጮኻል። አነሳችው።

«ውሃ መሥሪያ ቤት ነው?» አሉ አንዲት እናት።

«አ... አቤት፣ ነው።»

«ልጄ፣ መልእክታችሁ ደርሶናል። እኛማ የት እንጠፋለን፣ አለን እዚሁ። የጠፋው ውሃው ነው!»