ጋሽ እስጢፋኖስና የሰፈሩ ደም

ሐኪም የሌለው ሰፈር ሞልቷል፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለው ሰፈር ግን እግዜር አልፈጠረም። ሳል በሰማ ቁጥር በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ "ይሄማ ጉበት ነው" የሚል፣ የታዘዘልህን መድኃኒት አገላብጦ አይቶ "ግማሹን ብቻ ዋጥ" ብሎ የሚፈርድ አንድ ሰው የትም አይጠፋም። ለላፍቶ የደረሷት ክቡር ሐኪመ ሐኪማን ጋሽ እስጢፋኖስ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት አምቡላንስ ነድተዋል። መሪ ጨብጠው የሰሙትን ሁሉ ትምህርት ብለው ቆጥረው፣ ጡረታ የወጡ ዕለት ራሳቸውን በራሳቸው አስመረቁ።

"ምልክቱን እኔን ጠይቁኝ!" ይላሉ ሌባ ጣታቸውን ቀስረው። የማይጠየቁት ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፅጌረዳን ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ቀኝ ጎናቸው ከዳቸውና ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። ይህ ሲነሳ ሐኪመ ሐኪማን ወሬ ይቀይራሉ።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የላቦራቶሪ ባለሙያዋ እፀገነት ለአንድ ጥናት ወደ ሰፈሩ ተላከች። የአርባ ሰው ደም ይወሰድና በውስጡ ያለው ስብ ዓይነት በዓይነቱ ይለካል፤ ሰዎቹንም ለዓመታት ይከታተሏቸዋል። ስትሮክ ሰውን ከመጣሉ በፊት ደም ላይ የሚታይ ምልክት ካለው በዚህ ይገኛል። አርባ ሰው ካልሞላ ግን ጥናቱ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፣ እፀገነትም ሥራ ትፈታለች።

"አታስቢ ልጄ፣ ሰውን ለእኔ ተይው" አሏት ጋሽ እስጢፋኖስ። ጊዜውንም የመረጡት እሳቸው ናቸው። "ደም የሚወሰደው በባዶ ሆድ አይደል? እንግዲያው ከሁዳዴ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል! ሰፈሩ ሁሉ እስከ ስድስት ሰዓት ውኃ አይቀምስም።" እሷም ጿሚ ነበረችና ነገሩ ልክ መሰላት።

በአራት ቀን አርባ ሰው አሰለፉ። መርፌው ሳይደርስ ምርመራው በእሳቸው ያልቃል። የለቡውን ገበሬ ኦቦ ጉርሜሳን "አንተን የሚዞርህ ደም ሳይሆን ቅቤ ነው" ቢሏቸው፣ ኦቦ ጉርሜሳ "ታዲያ ላሚቱን ልፍታት?" አሉ። ደሙ ረግቶ ቢጫው ውኃ ከላይ ሲንሳፈፍ ደግሞ ብልቃጡን ወደ መስኮት አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያነባሉ። "የዚህ የጎረቤቴ የነጋ ደም ንጹሕ ነው፤ ሐሜት ብቻ ነው ያለበት።"

ውጤቱ ሲመጣ ስብ በዛበት የተባለው ባለሱቁ ከድር ብቻ ሆነ። ጋሽ እስጢፋኖስ ወሬውን በትነውት፣ ጎረቤት ሁሉ ብርቱካን እየያዘ ሊጠይቀው ሱቁ ድረስ መጣ። ሰውየው ስኳር እየመዘነ "እግዜር ይማርህ" ተባለ።

የጥናቱ ኃላፊ እፀገነትን አስጠሩ። "እናንተ ሰፈር ቅቤ አይታወቅም እንዴ?"

"ሁዳዴ ስለሆነ..." አለችና ነገሩ ያኔ ገባት። ለሳምንታት ሥጋና ቅቤ ያልነካ ሰው ደሙ የዘወትር ደሙ አይደለም። ከድር የበዛበት ሁዳዴን ስለማይጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ አርባውም እንደገና እንዲወሰድ ታዘዘ።

ሰፈሩ እምቢ አለ። "ደማችን ጠላ ነው እንዴ በየጊዜው የሚቀዳው?"

ተስፋ ቆርጣ ቤታቸው ስትሄድ፣ ጋሽ እስጢፋኖስ ለወይዘሮ ፅጌረዳ አጥሚት በማንኪያ እያጠጡ አገኘቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው። ማንኪያውን አስቀመጡ።

"የወደቀች ሰሞን ራሴን ከበደኝ ብላኝ ነበር" አሉ ቀና ሳይሉ። "ብርድ ነው አልኳት። ስንቱን በሽተኛ ሳመላልስ ኖሬ፣ ቤቴ የገባውን ምልክት አላየሁትም። የሌላው እንዳያመልጠኝ ነው እንደዚህ የምለፈልፈው።" እፀገነት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውየውን እንደምትወዳቸው አታውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪመ ሐኪማን በር ለበር እየዞሩ "ተሳስቻለሁ" አሉ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ብቻ ከቤቱ የወጣ ነበር። ከድርንም ይቅርታ ለመኑት። እሱም ብርቱካኑ እንዳይቋረጥ ብሎ ታረቀ።

ሠላሳ ዘጠኝ ሞላ። ነጋ ብቻ "ሐሜቴን ሊቆጥሩት ነው?" ብሎ ቀረ።

"አርባኛው እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ" አለች እፀገነት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰፈሩን ሁሉ ሲያሰልፉ የራሳቸውን ክንድ አንድም ቀን እንዳልገለጡ ያኔ ልብ አለች።

"ቤት መጥተሽ ውሰጂው" አሉ ቀስ ብለው። "ሰው ሳያይ።"

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ፅጌረዳ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ክንዳቸውን ሰጡ። መርፌው ሲገባ ሌባ ጣታቸውን ቀስረው "ዋናው ነገር ትንፋሽን..." ብለው ጀመሩና ጣታቸው ዝቅ አለ።

"እፀገነት ልጄ" አሉ ወይዘሮ ፅጌረዳ በተያዘ አንደበታቸው፣ እየጎተቱ። "ምልክቱን እኔን ጠይቂኝ። ይሄ ሰው ሊወድቅ ነው።"

ራሳቸውን ስተው ወደቁ። እፀገነት በአንድ እጇ ብልቃጡን፣ በሌላው እሳቸውን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፈቻቸው፤ ወይዘሮ ፅጌረዳም በደኅናው እጃቸው የባላቸውን ግንባር ዳበሱ። ጋሽ እስጢፋኖስ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

"ሞላ?"

"ሞላ፣ ጋሼ።"