ቀይዋን መኪና የሠራው ማነው?

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን የምጠራው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም። ብዙ ሰው ነገሩ የተበላሸበትን ቀን ስለማያውቅ በደፈናው ዕድሉን ሲያማ ይኖራል። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝና በደሌን ከነሰዓቱ ይዤዋለሁ።

ለመሆኑ ከሁሉ የከፋው አደገኛ ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ ትህትና ነው እላችኋለሁ። በተለይ የማያውቀው ሰው እጅ ከገባ። እኛ መካከል እንግዳ «ብላ» ሲባል «በልቻለሁ» ይላል። በልቶ አይደለም፤ ጋባዡም አለመብላቱን ያውቃል። «በሞቴ» ይለዋል፤ እንግዳው «ኧረ አሁን ነው የተነሣሁት» ይላል፤ ጋባዡ ይቆጣል፤ እንግዳው ተገዶ የሚበላ መስሎ እጁን ይታጠባል። በዚህ ውስጥ ውሸታም የሚባል ሰው የለም። ሁሉም ድርሻውን ያውቃል። ታዲያ አንደኛው ወገን ድርሻውን ያላወቀ እንደሆነስ?

ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት የመለሰችው እቴነሽ ናት። እቴነሽ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር፣ በዕረፍት ቀናችን፣ ዓርብ ዓርብ ግን፣ እዚህ ጅቡቲ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር እኛ ግቢ ወዳለችው ክፍሏ የምትመጣ ጎረቤቴ ናት። ሥራ በጀመረችበት ቀን ማዳሟ ምሳ በልተሽ እንደሆነ ጠየቀቻት። እቴነሽም እንደ ወጉ በልቻለሁ አለች። ማዳም «በጣም ጥሩ» ብላ ማቀዝቀዣውን ዘጋች። በማግሥቱም እንደዚያው። እቴነሽ ስታወራው ራሷ እየሳቀች ነው፤ በሦስተኛው ቀን ማዳም ገና ደህና አደርሽ ሳትላት «አልበላሁም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ተርባ አታውቅም።

እኔ ሦስተኛ ቀኔ ገና አልመጣም። ወይም መጥቶ አልፏል፤ እሱን ነው ያላወቅሁት።

አያቴ ከባቡሩ ጋር መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው። አባቴም እዚሁ ኖሮ እዚሁ ተቀበረ። እኔ ደግሞ የቤተሰቡ ተስፋ ተብዬ አዲስ አበባ ተላክሁና በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ተመለስኩ። ዲግሪዬ እዚህ እንዲታወቅልኝ አንድ ቢሮ ወሰድኩት፤ ወደ ፈረንሳይኛ አስተርጉመህ አምጣ አሉኝ። አስተረጎምኩ። የአስተርጓሚው ማኅተም ትክክለኛ ለመሆኑ ሌላ ማኅተም ያስፈልገዋል አሉኝ። አመጣሁ። በሦስተኛው ጊዜ ፋይሉ ራሱ ጠፍቷል ተባልኩ፤ ይኸንንም በትህትና ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ መደብር ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ፊልትሮና ቺንጋ እሸጣለሁ። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለኛል። ክብር እንዳይመስላችሁ። «ኢንጂነር፣ አምፑላችን ተቃጠለ» ለማለት ነው የሚጠሩኝ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል መሐንዲስ መሆኔን የሚመሰክርልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። እሷም መኪና ናት።

ካርቲየ 4፣ ጋሼ ወርቅነህ የሚባሉ ሽማግሌ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ መኮንን ጥሎ የሄዳት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ነበረች ማለት ከተቻለ። ወለሏን የባሕሩ ጨው በልቶታል፤ ወንበሯ ላይ የድመት ትውልድ ተፈራርቆበታል። ጋሼ ወርቅነህ ቦታ ይዛብኛለች፣ ከፈለግህ ውሰዳት አሉኝ። የምወስድበት ቦታ ስላልነበረኝ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ሰባት ዓመት ሠራኋት። ከሥራ በኋላ እስኪመሽ፤ ዓርብን ሙሉ ቀን። በሐምሌ ፀሐይ መፍቻ በባዶ እጅ ሲያዝ ቆዳ እንደሚልጥ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ፓራፋንጎዋን ከዘይት በርሜል ላሜራ ቀጥቅጬ አወጣሁ። ካርቡራተሯን ፈትቼ የገጠምኩበትን ጊዜ መቁጠር ትቻለሁ። የሁለተኛ ማርሿን ጥርስ ከመርከብ ጭነት ማንሻ ዊንች አሮጌ ዘንግ አስቆርጬ ወደብ አካባቢ ባለ ቶርኖ ቤት፣ ቶርኒተሩን እየለመንኩ፣ በራሴ ንድፍ አስወጣሁት።

ጋሼ ወርቅነህስ? አልዋሽም፤ ደግ ሰው ናቸው። የቦታ ኪራይ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ውሃቸውንም አካፍለውኛል። ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ከወንበራቸው ሲነሡ ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ጥላው ሲሸሻቸው፣ አንዴ ወንበሩ ሲሰበር። የሰጡኝ ሙያዊ አስተያየትም አንድ ነው። «ይቺ አትነሣም» የሚል።

ተነሣች። ቀይ ቀለም ቀባኋትና ፎቶዋን ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩ። ለምን ልሸጣት ፈለግሁ? ለእኔ አትሆንማ። እንደዚያች ያለ መኪና ነድቶ ወደ መለዋወጫ መደብር የሚሄድ ሰው መሳቂያ ነው። ደግሞስ ሥራዬን የሚያውቅበት ሰው አንድ ቀን አይቶ ይፍረድልኝ ብዬ ነው፤ ዋናው ይኸው ነው።

ሙሴ ቪክቶር የሚባል የድሮ መኪና ሰብሳቢ ከቤልጂግ ጻፈልኝ፤ ስለ ሞተሩና ስለ ዋጋው ብቻ ወራት ተጻጻፍንና መኪናዋን ሊያይ ራሱ በአውሮፕላን መጣ። ሐሙስ ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጋራዡ ደረሰ። ሐሙስ ረፋድ ላይ በዚህ ከተማ የሰው ልብ ሥራው ላይ የለም። ጫቱ ሊገባ ነው፤ ነገ ዕረፍት ነው። ሙሴ ቪክቶር ግን ልቡ ሙሉ በሙሉ መኪናዋ ላይ ነበር። ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ከሥሯ ገባ። ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ ቆየ። ሞተሩን አስነሥቶ እንደ ሐኪም ጆሮውን አቀረበ። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ላብ ሊሆን ይችላል፣ ጅቡቲ ነውና አልምልም።

«ይህን የሠራው ማነው?» አለ።

በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ወርቅነህ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰባውን ያለፉ፣ አባቴን የቀበሩ ሽማግሌ። በግቢያቸው ነው የቆምኩት። ያደገ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይላል? «እኔ ነኝ» ይላል? ወላጅ አሳድጎት?

«እሳቸው ናቸው» አልኩ በፈረንሳይኛ። «እኔ መፍቻ አቀብላቸው ነበር።»

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ለማንኛችንም ግልጽ ነው። ጋሼ ወርቅነህ እጃቸውን አወናጭፈው የለም፣ እሱ ሲቀልድ ነው፣ የሠራው ልጁ ነው ይላሉ። እኔ ኧረ ጋሼ እላለሁ። እሳቸው ይቆጣሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሙሴ ቪክቶርም ማን እንደ ሠራት ብቻ ሳይሆን የሠራው ሰው ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ ጭምር ያውቃል። እኔ የእኔን ድርሻ ተጫውቼ ጨርሻለሁ። ጋሼ ወርቅነህ እኔን አዩኝ፤ መኪናዋን አዩ፤ ሙሴ ቪክቶርን አዩት።

«ዊ» አሉ። አዎ ማለት ነው።

ሙሴ ቪክቶር እመር ብሎ ሄዶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ስማቸውን ጠየቀ፤ አጻጻፉ ሲቸግረው ፊደል በፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ። እንዳይሳሳት።

በተከፈለኝ ዋጋ ቅር አላለኝም፤ ያንን ጥያቄ ከወዲሁ ዝጉልኝ። መኪናዋ ኮንቴይነር ውስጥ ገብታ በመርከብ ሄደች። እኔም ጋሼ ወርቅነህ ነገ ያስተካክሉታል እያልኩ ከረምኩ። እቴነሽ ስትሰማ አላዘነችልኝም። «አንተ የተማርከው ምንድን ነው በል?» አለችኝ። «እኔ እንኳ ፊደል ሳልቆጥር በሁለት ቀን ረሃብ የገባኝ ነገር!»

ከወራት በኋላ ሙሴ ቪክቶር ፎቶ ላከልኝ። ኮፈኗ ውስጥ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አስለጥፎባታል፤ «ጅቡቲ ውስጥ በሊቀ መካኒክ ወርቅነህ እጅ ታደሰች» ይላል። ሊቀ መካኒክ! ከዚያ መኪናዋ አንድ የድሮ መኪኖች ትርኢት ላይ ልትቀርብ ነው ተባለ፤ ጋሼ ወርቅነህም ተጋበዙ። እኔ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ተከልክያለሁ። እሳቸው በሳምንቱ ተሰጣቸው። የእኔን ኮት ለብሰው ሄዱ፤ የእሳቸው ለብርድ አይሆንም ብዬ ያዋስኳቸው እኔው ነኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ባንኮኒዬ ላይ ደንበኛ ቆሞ እያለ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ወርቅነህ ናቸው፣ ከቤልጂግ። ከኋላቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ ሁለተኛ ማርሽ ጥርሷን ከምን ነበር ያወጣነው? እዚህ ሰዎች ከበውኛል።»

ልነግራቸው አልነበረብኝም። «ይጠይቁት፣ ሊቀ መካኒኩን!» ማለት ይቻል ነበር። ግን አስቡት፤ ሽማግሌ ሰው፣ በሰው አገር፣ በሰው ፊት ይዋረዱ? ስለ ዊንቹ ዘንግ ነገርኳቸው፤ ስለ ቶርኖው፣ ስለ ንድፉ፣ ብረቱን በዘይት ስላቀዘቀዝኩበት መንገድ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እሳቸው በፈረንሳይኛ ደገሙት። ጭብጨባው በስልክ እስከ መደብሩ ተሰማ። ደንበኛዬ ሠርግ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሲመለሱ እድራችን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አቀባበል አዘጋጀ። የክብር ንግግሩን ማን ይጻፍ ተባለ፤ ማን ይጻፍ? የተማረው ይጻፍ። ጻፍኩ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ እቅድ ነበረኝ። ያን ሐሙስ ዳኛው ባዕድ ነበር፤ አሁን ግን አዳራሹ ሙሉ ወጉን የሚያውቅ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ካመሰገንኳቸው ምስጋናውን ወደ እኔ ከመመለስ በስተቀር ምንም መውጫ የላቸውም። ስለዚህ ሳልሰስት አሞገስኳቸው። ብረት የሚያናግሩ እጆች አልኩ። የሕዝባችንን ሙያ ባሕር ያሻገሩ አልኩ። እያነበብኩ የእኔው የራሴ ሆድ ባባ።

ጋሼ ወርቅነህ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኔ ምንም አልሠራሁም» አሉ። «እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ። የሠራው ይህ ልጅ ነው።»

በመጨረሻ! ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከኋላዬ አንድ ሰው «አያችሁ ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው» ሲል ሰማሁ። የእድሩ ሊቀ መንበር ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና የዛሬ ልጆች ከዚህ ትህትና ትንሽ ብትማሩ አሉ፤ ያሉት ወደ እኔ እያዩ ነው። ጋሼ ወርቅነህ እጃቸውን አነሡ። «እውነቴን ነው» አሉ። ጭብጨባው ባሰ። እውነቴን ነው ማለታቸው ደግሞ የትህትናቸው ትህትና ተደርጎ ተቆጠረላቸው።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተራው የእኔ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ናት። እቴነሽን ከሦስተኛው ረድፍ አየኋት፤ ቡጢዋን ጨብጣ፣ በል እንጂ በሚል ዓይን ታፈጥብኛለች። ጋሼ ወርቅነህም ያዩኛል። ሊቀ መንበሩም። አዳራሹም።

«የለም ጋሼ» አልኩ፣ «እርስዎ ነዎት።»

እቴነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጋራዣቸው ሄጃለሁ። ሦስት ጊዜ ያንኑ አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ተው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ብለው ሻይ አስመጥተውልኛል። ስለዚህ አሁን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ጋሼ ወርቅነህ፣ በአዳራሹ «እኔ ምንም አልሠራሁም» ያሉት እውነትዎን ነበር ወይስ ይሉኝታዎን? እውነትዎን ከሆነ ለሙሴ ቪክቶር ይጻፍለት፤ ሰሌዳው ይነቀል። ይሉኝታዎን ከሆነም ይንገሩኝ፤ መኪናዋን «እኔ ወርቅነህ ሠራኋት» ብለው ከልብዎ ያምናሉ ማለት ነውና እሱንም ልወቀው። ሻይ አይላኩልኝ። ነገሩ ያለፈ ነው አይበሉኝ። ቶሎ ይመልሱልኝ፤ ሰሞኑን እኔ ራሴ «እርስዎ ነዎት» ያልኩት ከልቤ ይሆን እንዴ እያልኩ መጠራጠር ጀምሬያለሁ።